መልስ፦ ከሜንተሬ ጋር ስንገናኝ ምን ላውራ?

ሰላም ዶክተር፤ ሜንተር (በሙያው የሚመራሽ ልምድ ያለው አማካሪ) ተመድቦልሽ በተገናኛችሁ ቁጥር «ሥራ እንዴት ነው?» «ደህና ነው» ተባብላችሁ እንደምትለያዩ ጽፈሻል። እሳቸው ፍላጎት አጥተው አይመስለኝም። ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ናቸው፤ የሚያስፈልግሽን ካልነገርሻቸው ከየት ያውቁታል? አጀንዳውን መያዝ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ከቀጠሮው አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ አጭር መልእክት ላኪላቸው፦ ካለፈው ወዲህ ምን ሠራሽ፣ የት ተቸገርሽ፣ ምን መወሰን አለብሽ። «ምን ይመክሩኛል?» የሚል ጥያቄ የሚያመጣው ጠቅላላ መልስ ነው። ይልቅ «ለታካሚው ቤተሰብ መጥፎ ዜና የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው፤ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይለውጡት ነበር?» በያቸው (የታካሚው ማንነት ሳይገለጥ፣ መቼም ይሄን ታውቂዋለሽ)። ምክሩን ከሞከርሽ በኋላ ምን እንደሆነ መልሰሽ ንገሪያቸው። ሠራም አልሠራም። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል፤ ሜንተርን ግን ከዚህ በላይ የሚያተጋው ነገር አላየሁም።

ደግሞ ሁሉንም ከአንድ ሰው አትጠብቂ። በተለይ እኚሁ ሰው የሥራ አፈጻጸምሽን የሚሞሉ ከሆነ፣ ድካምሽንና «ሙያው ይሆነኛል ወይ?» የሚለውን ጥርጣሬሽን የምታካፍዪው ሌላ ሰው ያስፈልግሻል።

አብራችሁ ምርምር ከጀመራችሁ የደራሲዎቹ ስም ቅደም ተከተል ገና ከጅምሩ ይነገር። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይያዝሽ። የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ ለደራሲነት 4 መስፈርቶች አሉት፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ስለማይበቃ ጽሑፉን በማርቀቅ ወይም በማረም እንደምትሳተፊ አስቀድመሽ ተነጋገሪ።