ከ20 ውርወራ 13 ጎፈር ወጣ፤ መጽሐፉ ተሳሳተ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪዎች አሉ። ፕሮባቢሊቲ ስንጀምር በቡድን በቡድን አድርጌ የአንድ ብር ሳንቲም አስወረወርኳቸው። ጎፈሩ ግማሽ፣ ሚዛኑ ግማሽ እንደሚወጣ በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ ነበር። አንዱ ቡድን ከ20 ውርወራ 13 ጎፈር ወጣለት። «ቲቸር፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?» አሉኝ። የባሰው ግን የሌሎቹ ነው። ደብተራቸውን ሳየው አብዛኞቹ ልክ 10 ለ 10 ጽፈዋል። ሳይወረውሩ እንደጻፉት ያስታውቃል። የማስተማሪያ መሣሪያ የለንም። አንጻራዊ ድግግሞሽን፣ ማለትም አንድ ውጤት የወጣበት ብዛት ለጠቅላላው ሙከራ ሲካፈል የሚገኘውን፣ እንዴት ላስረዳቸው? ፈተና ላይስ ምን ብጠይቅ ይሻላል?
መምህርት ት.፣ ከወልድያ

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ መጀመሪያ እነዚያን 13 ጎፈር ያወጡ ልጆች በክፍሉ ፊት ያመስግኑልኝ። ያዩትን ነው የጻፉት። ከ20 ውርወራ ከ6 እስከ 14 ባለው መካከል የትኛውም ቁጥር ቢወጣ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ልክ 10 የሚወጣለት ከስድስት ቡድን አንዱ ቢሆን ነው። ስለዚህ የክፍሉ አብዛኛው 10 ለ 10 ከጻፈ፣ ጥርጣሬዎ ልክ ነው።

ልጆቹን ግን አይቆጧቸው። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ያስቡት። «ግማሽ በግማሽ ነው» የሚለውን ገና ሳንቲሙን ሳይነኩ ያውቁታል። መልሱ ከታወቀ ሙከራው ሙከራ መሆኑ ቀረ። ልጁ 13 ሲወጣለት «ተሳሳትኩ» ይላል። ላጲስ አንሥቶ ያስተካክለዋል። እኔ በሳንቲም መጀመርን የማልወደው ለዚህ ነው። ሳንቲም ሁለተኛው ቀን ይምጣ። በመጀመሪያው ቀን መልሱን እርስዎም፣ መጽሐፉም፣ ማንም የማያውቀው ነገር ይወርወር።

ለዚህ ከቆርኪ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። የትም አለ፤ በነጻ ነው። ልጆቹን «ነገ ሁለት ሁለት ቆርኪ ይዛችሁ ኑ» ቢሏቸው ከበቂ በላይ ያመጣሉ። ያልተጣመመውን ይምረጡ፤ ከአንድ ዓይነት ጠርሙስ የተነሣ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ቆርኪ ሲወድቅ ወይ አፉ ወደ ላይ ይሆናል፣ ወይ ወደ ታች። ሁለት ዕድል ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ግማሽ በግማሽ ነው? ጥያቄው እዚህ ጋ ይጣፍጣል። አንዱ ወገን ጠፍጣፋ ነው፤ ሌላው ክፍት ሆኖ ጥርሳም ጠርዝ አለው። በስሌት የሚደረስበት አይደለም። መወርወርና መቁጠር ብቻ ነው መንገዱ።

ከመወርወራቸው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ደብተሩ ላይ በእስክሪፕቶ ይጻፍ፤ ከ20 ውርወራ ስንቱ አፉ ወደ ላይ ይሆናል? ይህቺን ነገር እንዳይዘሏት። ግምቱን የጻፈ ልጅ ውጤቱን ለማየት ይጓጓል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በጭረት ይመዘግባል። አወራወሩ ለሁሉም አንድ ይሁን። ለምሳሌ ቆመው፣ ከትከሻ ከፍታ፣ ወደ ወለሉ። ወለሉ ሊሾ ከሆነና ከአፈር ወለል ጋር ካነጻጸሩት ውጤቱ ሊለይ ይችላል። ያንን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ ግን አንድ ጎበዝ ልጅ ራሱ መጠየቁ አይቀርም። በሁለት ክፍለ ጊዜ ይሞላል፤ ጫጫታ ይኖራል፣ ዳይሬክተሩ በበር ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ይቻሉት።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፤ እስካሁን የተወረወረው፣ እስካሁን አፉ ወደ ላይ የሆነው፣ ሁለተኛው ለአንደኛው ሲካፈል። የመጀመሪያው ጥንድ 12 ካለ፣ 12 ለ 20፣ 0.6 ይጻፋል። ሁለተኛው ጥንድ 9 ካለ የእሱን ብቻ እንዳይጽፉት፤ ይደምሩት። 21 ለ 40፣ 0.525። ሦስተኛው 14 ካለ 35 ለ 60፣ 0.583 ገደማ። እንዲህ እያሉ 31ዱን ጥንድ ይጨርሱ። መጨረሻ ላይ 620 ውርወራ በእጅዎ ይኖራል። እያንዳንዱን ቁጥር አንድ ተማሪ ወጥቶ በግራፍ ላይ ነጥብ ያድርገው፤ ወደ ጎን የውርወራው ብዛት፣ ወደ ላይ ከ0 እስከ 1። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይዘላል፣ ይወርዳል። ከ300 ካለፈ በኋላ ግን አዲስ ጥንድ ምንም ይዞ ቢመጣ ብዙም አይነቃነቅም። ልጆቹ ይህን ሲያዩ አንጻራዊ ድግግሞሽን አዩት ማለት ነው። ትርጉሙን ከዚህ በኋላ ያጽፏቸው፣ ከዚህ በፊት ግን አይሆንም።

ያ የተረጋጋበት ቁጥር በሙከራ የተገኘው ፕሮባቢሊቲ ነው። ግማሽ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያ ግምታቸውን ያወዳድሩ።

አሁን ወደ ሳንቲሙ ይመለሱ። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ሥራ አለ፤ ያንን 10 ለ 10 የጻፈውን ልጅ ሳያዋርድ ያስተምረዋል። ግማሹ ክፍል ቤቱ ሄዶ ሳንቲም 100 ጊዜ ወርውሮ ተራውን ሳይቀይር ይጻፍ፤ ጎ፣ ሚ፣ ሚ፣ ጎ እያለ። ግማሹ ምንም ሳይወረውር ከጭንቅላቱ 100 ውርወራ ይፍጠር። ማን የትኛውን እንደሠራ ለእርስዎ አይንገሩ። በማግሥቱ ወረቀቶቹን ይሰብስቡና ይለዩ። ዘዴው አንድ ነው፤ በተከታታይ የወጣውን ረጅሙን ይፈልጉ። በእውነት ከተወረወሩ 100 ውርወራዎች ውስጥ አንዱ ገጽ አምስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተከታትሎ የሚገኝበት ዕድል 97 በመቶ ገደማ ነው። ስድስትና ከዚያ በላይ ቢሆን እንኳ 80 በመቶ ገደማ። ከጭንቅላቱ የሚፈጥር ልጅ ግን ሦስት ጎፈር ከጻፈ በኋላ እጁ ይፈራል። «በዛ» ብሎ ወደ ሚዛን ይዞራል። ወረቀቱን አንሥተው «አንተ አልወረወርክም» ሲሉት የሚያሳየውን ፊት ያያሉ። ሁሉንም በትክክል ላይለዩ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ግን ይለያሉ። ከዚያ እርስዎ እንዴት እንዳወቁ ማሰቡን ለራሳቸው ይተዉላቸው፤ እስኪደርሱበት ይጨቃጨቁ።

ይህ ጭቅጭቅ የሚያደርሰው ወደ አንድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልቤን የሚነካው እሱ ነው። በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት አለ። «ሦስት ጊዜ ተበላሁ፣ አራተኛው የኔ ነው» የሚል ወጣት በየቀኑ እሰማለሁ። አንጻራዊ ድግግሞሽን በችኮላ ማስተማር ልጁ ላይ ይህን ሐሳብ ያጠነክርበታል እንጂ አያስለቅቀውም። «መጨረሻው ግማሽ ከሆነ፣ እስካሁን ከጎደለ፣ ከአሁን በኋላ መካስ አለበት» ይላል። ሳንቲም አይክስም። ትናንት ምን እንደወጣ አያስታውስም።

ለዚህ የጆን ኬሪችን ታሪክ ይንገሯቸው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የሒሳብ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ዴንማርክን ስትይዝ እዚያ በመገኘቱ ታሰረ። በእስር ላይ ሳለ ሳንቲም 10,000 ጊዜ እየተወረወረ ውጤቱን መዘገበ። በ100ኛው ውርወራ ላይ አንዱ ገጽ 44 ጊዜ ወጥቶ ነበር። ከግማሹ በ6 ያንሳል፤ 44 በመቶ ማለት ነው። በ10,000ኛው ላይ 5,067 ሆነ። ከግማሹ በ67 ይበልጣል፤ 50.67 በመቶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፏቸው። በቁጥር ካየነው ከግማሹ ያለው ርቀት ከ6 ወደ 67 አደገ። በመቶኛ ካየነው ግን ከ6 ወደ 0.67 ወረደ። ልዩነቱን የካሰው የለም፤ የውርወራው ብዛት ነው ያሳነሰው። ይህ የገባው ልጅ የቤቲንጉን ወሬ ሲሰማ የሚመልሰው ያገኛል። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድብዎም አይቆጩ።

«ታዲያ ስሌቱ ምን ይሠራል?» የሚል ተማሪ ቢነሣ፣ ስሌቱ የሚነሣው ሁለቱ ገጾች እኩል ናቸው ከሚል ግምት ነው ይበሉት። ግምቱን የሚፈትነው ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 48 ሰዎች ተባብረው ሳንቲም 350,757 ጊዜ በእጃቸው ወርውረው ነበር። ሳንቲሙ ሲወረወር ወደ ላይ በነበረው ገጹ የወደቀው 50.8 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ናት፤ ግን አለች። 20 ጊዜ ብቻ ብንወረውር በጭራሽ አናያትም ነበር። ሌላው ምሳሌ ልደት ነው። «ወንድ ወይም ሴት፣ ግማሽ በግማሽ» እንላለን። ጆን አርበትኖት የተባለ ሐኪም ግን የለንደንን የ82 ዓመት የጥምቀት መዝገብ አገላብጦ በ82ቱም ዓመታት ወንዶች እንደሚበልጡ እ.ኤ.አ. በ1710 አሳየ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ 100 ሴቶች ሲወለዱ 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ።

የፈተናውን ጉዳይ በተመለከተ፣ «ሳንቲም ቢወረወር ጎፈር የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» የሚለውን ይተዉት። በቃል የሚሸመደድ ነው። ይልቅ እንዲህ ይጠይቁ፦ አንድ የተማሪዎች ጥንድ ቆርኪ 40 ጊዜ ወርውሮ 26 ጊዜ አፉ ወደ ላይ ሆነለት። ክፍሉ በሙሉ 620 ጊዜ ወርውሮ 372 ጊዜ ሆነለት። የሁለቱን አንጻራዊ ድግግሞሽ ፈልጉ። ያው ቆርኪ 1,000 ጊዜ ቢወረወር ስንቱ አፉ ወደ ላይ ይሆናል ትላላችሁ? የትኛውን ቁጥር ተጠቀማችሁ? ለምን? ማካፈሉ 0.65 እና 0.6 ይሰጣል፤ ለእሱ ሁለት ነጥብ ይበቃል። «600 አካባቢ» ላለ ሁለት ይጨምሩ። ለ«ለምን»ው ስድስት ይስጡ። «ልክ 600 ይሆናል» ብሎ ለደመደመ ግን ከስድስቱ ይቀንሱበት፤ «አካባቢ» ማለት ነበረበት።