ትልቅ ቪ-ትዊን ሞተር በድሬ ሙቀት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ድሬዳዋ ሳቢያን ባለው ግቢያችን፣ ኒሟ ጥላ ስር፣ ቪ-ትዊን የሚባሉትን (ሁለት ሲሊንደራቸው በቪ ቅርጽ የተቀመጠ) ትልልቅ ክሩዘር ሞተር ሳይክሎች ስፈታና ስገጥም አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄ ብዙ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ “ልፍታው ወይ?” ነው የምትሉት። ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። ቴስተር (የቮልት መለኪያው) ከመፍቻ ቁልፍ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐርሊ ዴቪድሰኔ ጠዋት ስታርት ስለው ጠቅ ይልና ዝም ይላል። “ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሄዷል፣ ይውረድ” አሉኝ። ላውርደው?

አታውርደው። ሞተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ ባትሪውን ለካው፤ ጤነኛ ከሆነ 12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳይሃል። አሁን ቴስተሩ እንደተያዘ ስታርት በለው። ቮልቱ ወርዶ ከ10 በታች ከገባ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። የድሬ ሙቀት ባትሪ ቶሎ ይገድላል፣ ይሄን ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል። ቮልቱ ብዙም ሳይወርድ ጠቅ ብቻ ካለ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ ፈልግ። እነዚህ ሞተሮች ሲንቀጠቀጡ ውለው የባትሪውን ቡሎን ራሳቸው ይፈቱታል።

ባለፈው ዓመት የአንድ ወዳጄን ሞተር ሳይ ባትሪው አዲስ፣ ሞተሪኖው ደህና ነበር። የነጌቲቩን ሽቦ ተከትዬ ሻሲው ላይ የታሰረበት ቦታ ስደርስ፣ ቡሎኑን በጣቴ ነካሁት፤ ዞረ። ስሩ አረንጓዴ ዱቄት አለ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠበቅኩት፣ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳ።

ስትፈታ ነጌቲቩን አስቀድም፣ ስትገጥም ነጌቲቩን በመጨረሻ። አለዚያ ቁልፍህ ፖዘቲቩንና ሻሲውን አንድ ላይ ከነካ እሳት ይፈነጥቃል። ከተነሳልህ በኋላም በ2,000 ዙር ገደማ ይዘህ ለካ፤ ከ14 ቮልት ከፍ ካላለ የቻርጅ ችግር ሊኖር ስለሚችል አዲስ ባትሪ ብትገዛም ነገ ያው ነህ።

ጥያቄ፦ ያማሃ ቪ-ስታር 1100 ነው። የመኪና ዘይት ከቀየርኩለት ወዲህ ጋዝ ስሰጠው ዙሩ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ያንተ ሞተር ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ነው የሚጠጡት። ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉት የመኪና ዘይቶች ግጭት የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ ለመኪና ጥሩ ነው፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ግን መጥፎ ነው። ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀይርና ጣሳው ላይ “ጃሶ ኤምኤ” (JASO MA) የሚል ግዛ፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ማለት ነው። ብዙ ካልነዳህበት ፍሪሲዮኑ ሊመለስልህ ይችላል፤ ሸራውን ለመለወጥ አትቸኩል።

ሐርሊ ያላችሁ እንዳትደናገሩ፤ ትልልቆቹ ላይ የሞተሩ፣ የፕራይመሪው (ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ኃይል የሚያስተላልፈው ካቴና ያለበት ክፍል) እና የካምቢዮው ዘይት ሦስት የተለያየ ቦታ ነው። ስፖርትስተር የሚባለው አነስተኛው ሐርሊ ላይ ፕራይመሪውና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋራሉ።

ጥያቄ፦ የሐርሊዬ አየር ፊልትሮ በዘይት ረጠበ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል አሉኝ።

ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ዘይት አብዝተህ እንደሆነ ነው የምጠረጥረው። ሐርሊ ዘይቱን ለብቻው ቋት ነው የሚያስቀምጠው። ቆሞ ሲያድር ከዘይቱ የተወሰነው ወደ ሞተሩ ስር ሊወርድ ስለሚችል፣ ጠዋት ስትለካው የጎደለ ይመስልሃል። ትሞላለህ፤ የተረፈው በትንፋሽ ቀዳዳው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ይወጣል። ነድተህ ካሞቅከው በኋላ ማኑዋሉ እንደሚለው አቁመህ ለካ፤ ከበዛ ቀንሰው። ፊልትሮውን አጽድተህ 200 ኪሎ ሜትር ንዳ። ደግሞ ከረጠበ ያኔ ስለ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ስላለው ግፊት) ልኬት እናወራለን።

ጥያቄ፦ ቀትር ላይ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ቆም ቀስ ስል ቀኝ ጭኔ ይቃጠላል። ሞተሩ እየሞተ ነው?

ይሄን ጥያቄ ሰባት ሰው ነው የጠየቀኝ፣ ዘርዘር ላድርገው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ካልሄደ አይቀዘቅዝም። የኋላው ሲሊንደር ደግሞ ከፊተኛው ጀርባ ስለተደበቀ የሚደርሰው አየር ትንሽ ነው፤ ጭንህ ያለው እሱ ጋ ነው። ስለዚህ መሞቁ ተፈጥሮው ነው፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን ይገድለዋል።

ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትሰጠው እየዞረ) አቁመህ ወሬ አትያዝ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የምትቆም ከሆነ አጥፋው። ዘይቱ ማኑዋሉ ለሙቅ አገር የሚፈቅደው ይሁን፤ ለሐርሊ 20ደብሊው-50 እኛ አገር ይስማማል። ከዚያ ሲሊንደሩ ላይ ያሉትን ክንፎች ተመልከት። ትንሽ ዘይት ከቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሲሊንደሩ ራስ ማሸጊያ) ከወጣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይለጠፍበትና እንደ ሸክላ ይጋገራል፤ ያ ማለት ሞተሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣልክበት ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ በናፍጣና በብሩሽ አጽዳው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከልክ በላይ ከጋለ፣ ሚኒሞውም ከፍ ዝቅ ካለ፣ በካርብራቶሩና በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ ተጨማሪ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ሲያንስ ሞተር ይግላል። ሞተሩን አስነስተህ መጋጠሚያው ላይ በመርጫ ጥቂት ውኃ ብናኝ አድርግበት፤ ድምፁ ከተለወጠ አገኘኸው። ቤንዚን የሚረጩ አይቻለሁ፤ እባካችሁ በጋለ ሞተር ላይ ይህን አታድርጉ።

የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ደግሞ በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቅክ አትውጣ። ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማህ ፒስተኑ እየተመታ ነው። ማርሽ ቀንስ፣ ዙሩን ከፍ አድርግ፤ ለሞተሩ የሚቀለው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ካርብራቶሬን ድሬ አስተካክለውልኝ መጣሁ፣ እዚህ ካንዴላው (እሳት ጫሪው) ይጠቁራል።

እህቴ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ወደ ላይ አየሩ ሲሳሳ ያው ቤንዚን ይበዛበታል። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ የሚኒሞውን ድብልቅ ቪቴ እዚያው ሐረር፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ፣ በሩብ ዙር እያደረግሽ አሳሺው። አየር ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን ግን ቀድመሽ እዪ። በኢንጀክሽን የሚሠሩት ይሄን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ጥያቄ፦ ሐርሊዬ ላይ 12 ቁልፍ ያንሳል፣ 13 ይላላል።

ሐርሊ በኢንች ነው። የኢንች ቁልፍ ግዛ፤ በ13 እየታገልክ ቡሎኑን አታክብበው።

ጥያቄ፦ ሚኒሞ ላይ የሐርሊዬ ድምፅ ይንከረፈፋል፣ አንዱ ሲሊንደር እየዘለለ ነው ወይ?

ካንዴላዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው ችግር የለም። ሐርሊ ሁለቱ ፒስተኖች በ45 ዲግሪ ተቀምጠው አንድ ክራንክ ፒን ይጋራሉ፤ ስለዚህ እኩል በእኩል አይተኩሱም፤ በአንዱና በቀጣዩ ተኩስ መሃል ክራንኩ አንዴ 315፣ አንዴ 405 ዲግሪ ይዞራል። ያ መንከርፈፍ ልቡ ነው።

ጥያቄ፦ የ2003 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) 1,450 ሲሲ ሐርሊ አለኝ። የካም ካቴናው (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካም የሚያዞረው) ያስፈራል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ እኔም እፈራዋለሁ። ከ1999 እስከ 2006 ባሉት በአብዛኞቹ ላይ ካቴናውን የሚወጥረው በስፕሪንግ የሚገፋ የፕላስቲክ ጫማ ነው። ሲያልቅ ፍርፋሪው ዘይት ፓምፕ ውስጥ ይገባል። ዘይት ስትቀይር በነጭ ጨርቅ አጥልለው፤ ብርቱካናማ ፍርፋሪ ካየህ አትንዳው። ባይታይም 40,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ከፍተህ ውጪኛውን ጫማ እይ። ውስጠኛው ግን ካሞቹን የያዘው ሳህን ካልወረደ አይታይም፤ ለዚያ ልምድ ያለው ሰው አጠገብህ ይኑር።

ጥያቄ፦ የዘይት መክፈቻውን ቡሎን ሳጠብቅ ጥርሱ ተበላ።

ቡሎኑ የሚገባበት አሉሚኒየም ነው፣ ጉልበት አይችልም። በእኔም ላይ ደርሷል። ሙጫ ሞልተው የላኩልኝ ጋራዥ ነበር፤ በሳምንቱ ሐረር መንገድ ላይ ዘይቴን ጨረሰው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከገባባት ከተማ የቶርኖ ሙያ አይጠፋም፤ ጥሩ ቶርኖ ቤት ሂድ፣ ቀዳዳውን ከፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ ያስገባልሃል። የእኔው ሰባት ዓመት ሞላው፣ አንድ ጠብታ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ በቶርክ ቁልፍ ነው የማጠብቀው።

ጥያቄ፦ ሐምሌ 19 ለቁልቢ ባለቤቴን ይዤ እሄዳለሁ። ሞተሩ ላይ ምን ልመልከት?

ጎማህ ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2317 ካለ በ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም እንዲህ ያረጀ ጎማ ሁለት ሰው ጭኖ አይሂድ። ነፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ ለሁለት ሰው በተጻፈው ልክ ሙላ።

ከሁሉ በላይ የፍሬን ዘይቱን እይ። ዶት 4 ከአየር ውኃ ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ስትመለስ የደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውኃ ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆንብሃል። ክዳኑ ላይ ዶት 5 የሚል አሮጌ ሐርሊ ከሆነ ግን ዶት 4 አትጨምርበት፣ አይቀላቀሉም። ስትወርድ ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርገው እንጂ ረግጠኸው አትውረድ።