ልጆቻችን አፋቸውን እስኪፈቱ፦ ስለ መጀመሪያዎቹ ምልክቶችና ድምፆች ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የንግግር ሕክምና ነው። የማያቸው ልጆች አብዛኞቹ ከሦስት ዓመት በታች ናቸው። ስለ ሕፃናት የእጅ ምልክትና የመጀመሪያ ድምፆች ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጻፋችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ አንዳንዱን ረዘም አንዳንዱን አጠር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ወሯ ነው። አንድም ቃል የላትም። እጇን ትዘረጋለች፣ ትጠቁማለች፣ ትጮኻለች። መቼ ነው ማውራት የምትጀምረው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ እኮ እያወራችሽ ነው። እጅ መዘርጋት፣ መጠቆም፣ ራስ መነቅነቅ፣ ዕቃ አምጥቶ ማሳየት፣ ሁሉም ከቃል በፊት የሚመጡ ንግግሮች ናቸው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የልጆች ዕድገት ዝርዝር መሠረት፣ ብዙ ልጆች በ9 ወር አካባቢ «አንሱኝ» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። በ12 ወር በእጃቸው «ቻው» ይላሉ፤ እናት ወይም አባታቸውንም «ማማ»፣ «ባባ» በመሰለ ስም ይጠራሉ። በ15 ወር የሚፈልጉትን ይጠቁማሉ፤ ሌላ አንድ ሁለት ቃልም ይሞክራሉ። በ18 ወር ደግሞ የገረማቸውን ነገር ለማሳየት ይጠቁማሉ።

የመጨረሻውን ልብ በይልኝ። መጠቆም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ስጪኝ» ነው፤ ብስኩቱ መደርደሪያ ላይ ነውና ወደዚያ ትጠቁማለች። ሌላው «እዪልኝ» ነው። ውሻ በአጥር ሥር ያልፋል፤ ትጠቁመዋለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ፊትሽን ታያለች። ምንም አልፈለገችም፤ አብረሻት እንድታዪው ብቻ ነው። ይቺን ቅጽበት አታሳልፊያት። ወደ ጠቆመችበት ተመልከቺና «ውሻ! ውሻው ሄደ» በያት። ቃሉ ልቧ ውስጥ የሚገባው ዓይኗ እዚያ ባለበት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ የምጫወትበት ጊዜ የለኝም። ምግብ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተለየ ጊዜ አያስፈልግሽም። ትንሽ ልጅ ቋንቋ የሚማረው በየቀኑ በሚደጋገም ነገር ውስጥ ነው፤ መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ከቤት መውጣት፣ መተኛት። የሚደጋገም ነገር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያስታውቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ሊጠይቅ ይችላል።

ምሳ እያበላሽው ነው እንበል። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደ ልማድሽ ስጪው። አራተኛውን ፍትፍት ጠቅልለሽ ያዥና እጅሽን መንገድ ላይ አቁሚ። ፊቱን እያየሽ፣ ቅንድብሽን ከፍ አድርገሽ፣ ዝም በይ። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ግር ይለውና እጅሽን ያያል፣ ፊትሽን ያያል። ቀጥሎ ወይ እጁን ይዘረጋል፣ ወይ ወደ ፊት ጠጋ ይላል፣ ወይ «እም!» ይላል። ያገኘሽውን ተቀበዪ። ወዲያው አጉርሺውና ቃሉን አብረሽ ስጪው፦ «ጉርሻ! እንካ፣ ጉርሻ።» አለቀ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት ሦስቴ ካደረግሽው ይበቃል። በየጉርሻው ካቆምሽበት ግን ምግቡ ፈተና ይሆንበታል፤ ይናደዳል፣ ልክም ነው።

እንደዚሁ ልብስ ስታለብሺው ሸሚዙን አንገቱ ላይ አስገቢና «እጅ የታለ?» ብለሽ ጠብቂው። ስታጥቢው ውሃውን ከማፍሰስሽ በፊት «አንድ፣ ሁለት...» ብለሽ አቁሚ። ሦስቱን እሱ በድምፅ ወይም በመወራጨት ይሞላዋል። ስትወጡ በሩን ከመዝጋትሽ በፊት «ቻው» ብለሽ እጅሽን አወዛውዢና ትንሽ ቆዪ። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቃል። ቃል አታብዢበት፤ አንድ ሁለት ቃል ይበቃዋል።

ምርጫም ጥሩ ነው። በአንድ እጅሽ ሙዝ፣ በሌላው ዳቦ ያዥና «ሙዝ? ዳቦ?» በይው። ያየውን ወይም የነካውን ስጪው።

ጥያቄ፦ ካልተናገረ አልሰጥም ብል አይሻልም? (የ16 ወር ልጅ አባት)

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ልጁን ጠብቀው እንጂ አትከልክለው። በቃል ካልሆነ የማይሰጠው ልጅ የሚማረው ማልቀስን ነው። በዓይኑ ከጠየቀህ ጠይቆሃል፤ ስጠውና ቃሉን አንተ በልለት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሰው ይበዛዋል። እናቴ አለች፣ እህቴ አለች፣ ሠራተኛም አለች። ልጁ ገና ዞር ከማለቱ ሁሉም ያቀብለዋል። እንዴት ሊጠይቅ ይችላል?

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የምወደው ይሄ ነው፤ ብዙ ቤት ያለው ነገር ስለሆነ። እኛ ልጅ ሲጠማው ሳይሆን ሊጠማው ሲል ውሃ የምናቀርብ ሰዎች ነን። ፍቅር ነው፤ ማንንም አትቆጪ። ግን ሁሉም ነገር ቀድሞ የሚደርሰው ልጅ የሚጠይቅበት ምክንያት አያገኝም።

ሁሉንም ነገር አትቀይሪ። ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። ለምሳሌ የውሃ ኩባያው ልጁ በሚያየው ግን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ሲፈልግ ወደ ኩባያው ያያል፣ ይጠቁማል ወይም የአንዱን እጅ ይጎትታል። ያኔ ማንም ይሁን ቅርብ ያለው ሰው «ውሃ! ውሃ እንካ» ብሎ ይስጠው። እናትሽ፣ እህትሽና ሠራተኛዋ አንድ ዓይነት ቃል ሲሉ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማው አስቢው። የሰው ብዛት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም ይሆናል። ለሠራተኛዋ ደግሞ ምክንያቱን አስረጃት፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። ልጆቼን አዝዬ፣ እሹሩሩ ብዬ ነው ያሳደግኩት። አሁን ማዘል ልጁን ያዘገየዋል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ማዘል አያዘገየውም። ይዘሉት። ጀርባዎ ላይ ሆኖ ድምፅዎን ይሰማል፣ ሰው ሲያነጋግሩ ያያል። የሚጎድለው አንድ ነገር ፊትዎ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ከንፈርዎንና ዓይንዎን አያይም። ስለዚህ ሲያወርዱት ትንሽ ከፊት ለፊቱ ይቀመጡለት፤ ፊትዎ ከፊቱ እኩል ይሁን።

ደግሞ እርስዎ የሚያውቁት ጨዋታ እኔ ከማዘው ልምምድ አያንስም። ነጠላዎን ፊትዎ ላይ ጣል አድርገው «ኩኩሉ!» ይበሉት፤ ገለጥ ሲያደርጉት ይስቃል። በሌላ ቀን ነጠላውን እሱ ራሱ ይጎትተዋል፤ ድምፅም ያወጣል። አንዴ እርስዎ፣ አንዴ እሱ፤ ወሬ ማለት ይኸው መቀባበል ነው። እልልታም ያሰሙት፤ ምላስዎን አይቶ ለመድገም ይታገላል። ቡና ሲወቀጥ «ዱም፣ ዱም» እያሉ መሬቱን በእጁ እንዲመታ ያድርጉት፤ ከፍሙና ከጀበናው ግን ራቅ አድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ድምፅ አለች። አንዳንድ ሕፃናት ቃል ከመናገራቸው በፊት እሷን ይቀዳሉ፤ ጥያቄ ሲጠየቁ ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። ይቺም መልስ ናት፤ እንደ መልስ ይቀበሏት።

ጥያቄ፦ ምልክት ካስለመድኩት ለማውራት አይሰንፍም?

መልስ፦ አይሰንፍም። ምልክት ለቃል መንገድ ይጠርጋል። «በቃ» ስትይው ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ አሳዪው፤ ቃሉንም ሁልጊዜ አብረሽ በይ። ቃሉ ሲቀለው ምልክቱን ራሱ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ስልክ ካላየ አይበላም። 20 ወሩ ነው። ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ «ውሃ» ግን አይልም። (ከዱባይ)

መልስ፦ ቀለም መጥራቱ የማስታወስ ችሎታው ጥሩ መሆኑን ያሳያል። ግን ስልኩ አይጠብቀውም፣ ፊቱን አያይም፣ «እም» ሲል አያጎርሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ይላል። ከአያቱ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ወዲያ ማዶ የሚመልስለት ሰው አለ።

በአንድ ቀን አትንጠቂው። መጀመሪያ ቁርስ ላይ ብቻ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። ቁርስ አጭር ነው፣ ልጁም ይርበዋል። አብረሽው ተቀምጠሽ ብዪ፤ በራሱ እጅ ይብላ፣ ይድፋ። ጥቂት ቀን ያለቅሳል፣ ትንሽም ሊበላ ይችላል። ቁርሱ ሲለመድ ወደ ምሳ ሂጂ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ቤት ውስጥ አማርኛ ነው፣ ዴይኬር እንግሊዝኛ። የ22 ወር ልጃችን ዘገየብን፤ ዘመዶች «አማርኛውን ተዉት፣ ግራ ገብቶት ነው» ይሉናል።

መልስ፦ አትተዉት! ሁለት ቋንቋ መስማት የልጅን ንግግር አያዘገይም። ቃል ስትቆጥሩ ከሁለቱም ቋንቋ ቁጠሩ፤ «ወተት»ም ቃል ነው፣ «ሞር»ም ቃል ነው። እናትና አባት በደንብ በሚያውቁት ቋንቋ ሲያወሩ ነው ልጁ የሞቀ ወሬ የሚያገኘው። በተሰበረ እንግሊዝኛ ከምታሳጥሩበት በአማርኛ አጫውቱት።

ግን ዘግይቷል ብላችሁ ከሰጋችሁ አትጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባል አገልግሎት በየግዛቱ አለ። የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ወላጅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል። ምዘናው ነፃ ነው። ከተመዘገባችሁበት ቀን ጀምሮ ምዘናውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በአማርኛ የሚያውቀውም እንዲታይለት። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በጢፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) ክትትል ላይ ለነርሷ ስጋታችሁን በግልጽ ንገሯት።

ጥያቄ፦ «እንጥሉ ወርዶ ነው የማያወራው፣ ይቆረጥለት» አሉኝ።

መልስ፦ አደራ፣ እንዳታደርጊው። እንጥል መቁረጥ ልጅን አያናግርም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል፤ ሕይወትም ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 20 ወሩ ነው። ስጠራው አይዞርም፣ አይጠቁምም፣ የሚፈልገው ነገር ካለ እጄን ይዞ ይወስደኛል፤ ፊቴን ግን አያይም። አማቴ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ትላለች። ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ፣ እህቴ። ወንዶች በአማካይ ትንሽ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ በስም ሲጠሩት አለመዞርንና አለመጠቆምን አያብራራም። እኔን የሚያሳስበኝ የቃሉ ማነስ አይደለም፤ ጥቂት ቃል ያለው ግን የሚጠቁም፣ ፊት የሚያይ፣ የምትዪውን የሚረዳ ልጅ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ምልክቱም ቃሉም ሲጠፋ ግን መታየት አለበት። የነበረውን ቃል ወይም ምልክት የተወ ልጅም በየትኛውም ዕድሜ ወዲያው ይታይ።

መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ጉንፋን የሚደጋገምባቸው ልጆች ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምና ድምፅ ታፍኖ ይሰማቸዋል፤ በር ሲጋጭ ስለደነገጠ ብቻ «ይሰማል» አትበዪ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም አጠቃላይ ዕድገቱን ይየው። ኦቲዝም ነው ቢባል እንኳ አንቺ ያደረግሽው ነገር አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይደብቅ ነበር። ዛሬ የምትጠይቂው ሰው አለ። ቀጠሮ እየጠበቅሽም ከላይ ያልኩትን የጉርሻውንና የኩኩሉውን ነገር ጀምሪ፤ ምንም አይጎዳውም።

ጥያቄ፦ ወተትን «ተት»፣ ቂጣን «ኪታ» ይላል። ላርመው?

መልስ፦ አታርሚው። «አዎ፣ ወተት! ወተት እንካ» ብለሽ ትክክለኛውን መልሺለት። «ማ»፣ «ባ»ን የመሰሉ የከንፈር ድምፆች ቀድመው ይመጣሉ፤ «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» ጊዜ ይፈልጋሉ። በዚህ ዕድሜ ኮልታፋ መሆን ያለ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ባባ በል» እንለዋለን፤ ዝም ይላል። ብቻውን ሲሆን ግን ይላል።

መልስ፦ «በል» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ትልቅ ሰው እንኳ ሰው ፊት ተናገር ሲባል አፉ ይያዛል። እንግዳው ራሱ የልጁን ድምፅ ይድገምለት፤ «ባ» ሲል «ባ» ይበለው። ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚቀጥለው።

ጥያቄ፦ ከሥራ የምገባው ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። 2 ሰዓት ላይ ትተኛለች። ያቺ ሰዓት ትበቃለች?

መልስ፦ ትበቃለች፤ እራት፣ ገላ መታጠብና መተኛት እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ምረጪ። ካልሲዋን ስታወልቂ ግማሽ ድረስ ጎትተሽ አቁሚ፤ እግሯን ወደ አንቺ እስክትሰጥሽ ወይም ድምፅ እስክታሰማ ጠብቂ፤ ከዚያ «ወጣ!» ብለሽ ሳቢው። ሁለተኛውን እግርም እንዲሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሞክሪውና ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ፤ ዕድሜዋን በወር፣ የምታሳያቸውን ምልክቶችም ጨምሪልኝ።