መልስ፦ ወንድሜ ጠበል ገብቶ መድሃኒቱን አቆመ፣ ምን ላድርግ?

እህቴ አይዞሽ። ወንድምሽ የኤችአይቪ መድሃኒቱን ትቶ እንጦጦ ማርያም ጠበል ገባ ላልሽው፣ በእናትሽ ከእምነቱ ጋር እንዳትጣይው። "ውሃ ምን ያደርግልሃል" ካልሽው በቃ አይሰማሽም፣ እዛ ያለው ሰው በሌሊት ተነስቶ በዛ ብርድ ተሰልፎ የሚጠመቀው ተስፋ ስላለው ነው፣ ዘመድ ያገለለው ሁሉ እዛ ነው አይዞህ የሚለው የሚያገኘው። ግን መድሃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ መራባት ይጀምራል፣ አንዴ እየዋጠ አንዴ እየተወ ከሆነ ደሞ ቫይረሱ መድሃኒቱን ሊለምደውና ጭራሽ ላይሰራለት ይችላል።

ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው እኮ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድሃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል! ይሄን ካንቺ ሳይሆን ከንስሐ አባቱ ይስማው፣ ቀድመሽ ሄደሽ አናግሪያቸው፣ እሳቸው "ልጄ ክኒንህን በጠበሉ ዋጠው" ካሉት እሺ የሚል ይመስለኛል። ካቆመ የቆየ ከሆነ ግን በራሱ ዝም ብሎ እንዳይጀምር፣ መጀመሪያ ክትትል ያለበት ጤና ጣቢያ ይታይ፣ ከቻልሽ አብረሽው ሂጂ።