«ባንክ» ስንት ቃል ነው? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጥያቄና መልስ

«ባንክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ገንዘብ የሚቀመጥበትን ተቋም ብቻ ሳይሆን የወንዝን ዳርቻ፣ በባሕር ውስጥ የተቆለለን አሸዋ፣ በረድፍ የተሰደሩ ነገሮችንና የአውሮፕላንን ወደ ጎን መዘንበል ጭምር ይገልጻል። በትርጉም ሥራ ላይ ደጋግሞ ያስቸገረኝና በዚያው ልክ የማረከኝ ቃል ስለሆነ፣ ስለ እርሱ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደየክብደታቸው ለመመለስ እሞክራለሁ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የአንድ ቃል ፍች ነው ወይስ ድምፃቸው በአጋጣሚ የገጠመ የተለያዩ ቃላት ናቸው?

መልስ፦ በዛሬው አገልግሎታቸው የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በዘራቸው ግን ዘመዳሞች ናቸው። ትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የወንዙን፣ የገንዘቡንና የረድፉን «ባንክ» እያንዳንዱን በራሱ ቁጥር ለይተው ያሰፍሩታል፤ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት በተለያየ ዘመንና በተለያየ በር ነውና። ነገሩን በራሳችን ቋንቋ ለማየት «ሳለ» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ሰውየው ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ቢላዋውን ሳለ፣ ሥዕል ሣለ ስንል ጆሯችን የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው፤ በግእዝ ግን የመጀመሪያው ሰዐለ፣ ሁለተኛው ሰሐለ፣ ሦስተኛው ሠዐለ ነበሩ፤ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ሦስት ባዕዳን አንድ መሰሉ። የ«ባንክ» ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጥንታዊው የጀርመናውያን ቋንቋ (የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛና የዴንማርክኛ የጋራ እናት ከሆነው) ከአንድ ሥር የወጡ፣ ተለያይተው በየአገሩ ያደጉና በመጨረሻ እንግሊዝኛ ውስጥ የተገናኙ ወንድማማቾች ናቸው። ያ ሥር ከመሬት ከፍ ያለ ጠርዝን ወይም መደብን የሚያመለክት እንደ ነበር የሥርወ ቃል ሊቃውንት ይገምታሉ።

ጥያቄ፦ የወንዙ «ባንክ» ከየት መጣ? እንግሊዛውያን ለወንዝ ዳርቻ ስም ሳይኖራቸው ቀርቶ ነው ከሌላ የተዋሱት?

መልስ፦ ስም ነበራቸው፤ እንዲያውም ከአንድ በላይ። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ስታዝ» እና «ኦፈር» ይሉት ነበር፤ ሁለተኛው ቃል በዛሬው ጀርመንኛ «ኡፈር» ሆኖ እስከ አሁን ዳርቻ ማለት ነው። ነገር ግን ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ዴንማርካውያንና ኖርዌያውያን በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፍረው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ሲደባለቁ፣ የአፈር ከፍታን የሚያመለክተው ቃላቸው አብሮ ገባ፤ በ1200 ገደማም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ዋናው ሐሳብ ከፍ ብሎ የተቆለለ አፈር እንጂ ውኃ አለመሆኑን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ቀጣዮቹን ፍችዎች ሁሉ የሚፈታው ቁልፍ ይህ ነውና። በሰሜን ባሕር ውስጥ ያለው ዶገር ባንክና በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ ያሉት ግራንድ ባንክስ ከባሕሩ ወለል ከፍ ያሉ ስፍራዎች ናቸው፤ የጉም ክምርና የበረዶ ክምርም በዚሁ ቃል ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ እሳትንም «ባንክ» ያደርጉታል ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ማዳፈን ማለት ነው። ፍሙ ቀስ ብሎ እንዲነድና እስኪነጋ እንዲቆይ አመድ ወይም ከሰል ይከመርበታል፤ ቃሉ የመጣው ከመከመሩ ነው። አማርኛችን ለዚህ አንድ ጥሩ ግስ ስላለው «እሳቱን ከመረበት» ብሎ መተርጎም ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ የአውሮፕላኑስ?

መልስ፦ አውሮፕላን ሲታጠፍ አንዱ ክንፉ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ይላል። በመታጠፊያ ላይ ውጫዊ ጠርዙ ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድም በዚሁ ቃል ይገለጻል። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው እንደ ዳርቻ አፈር ያለ ተዳፋት ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብና የወንዝ ዳር ምን አገናኛቸው? የመጀመሪያዎቹ ነጋዴዎች ወንዝ ዳር ተቀምጠው ይገበያዩ ስለ ነበር ነው የሚል ማብራሪያ አንብቤያለሁ።

መልስ፦ ማብራሪያው ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። የገንዘቡ «ባንክ» ወንዝ አያውቅም። የጀርመናውያኑ ቃል በአንድ በኩል አግዳሚ ወንበር የሚል ፍች ይዞ ወደ ጣልያን ተሻገረና «ባንኮ» እና «ባንካ» ሆነ። በመካከለኛው ዘመን በጣልያን ከተሞች ገንዘብ ለዋጮች ሳንቲሞቻቸውን የሚዘረጉበት፣ የሚመዝኑበትና ሒሳባቸውን የሚጽፉበት ጠረጴዛ ይህን ስም ተሸከመ፤ ከዚያ ስሙ ከዕቃው ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ቤቱ ተላለፈ። በጄኖቫ የቅዱስ ጊዮርጊስ ባንክ በ1407፣ በሲዬና ሞንቴ ዴይ ፓስኪ የተባለው ባንክ በ1472 ሲቋቋሙ እንግሊዝኛ ገና ይህን ፍች አላወቀውም ነበር ማለት ይቻላል፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል የደረሰው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። የእንግሊዝ ባንክ የተመሠረተውም በ1694 ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፣ ያው ቃል ከቤቱ ሳይወጣ በእንግሊዝኛ «ቤንች» ሆኖ፣ አግዳሚ ወንበር የሚል ፍቹን እንደ ያዘ መቅረቱ ነው። ወንድሙ በጣልያንና በፈረንሳይ ዞሮ ባለጠጋ ሆኖ ሲመለስ አልተዋወቁም።

ጥያቄ፦ «ባንክረፕት» የሚለው ቃል የከሰረው ለዋጭ ጠረጴዛ በአደባባይ ከመሰበሩ የመጣ ነው ይባላል። ልናምነው ይገባል?

መልስ፦ ግማሹን ልናምነው ይገባል። ቃሉ በእርግጥ «ባንካ ሮታ» ከሚለው ጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የተሰበረ ጠረጴዛ ነው፤ እንግሊዛውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ሲወስዱት ደግሞ መጨረሻውን ከላቲኑ «ሩፕተስ» (የተሰበረ) ጋር አመሳስለው አበጁት። በ1542 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የወጣው የእንግሊዝ የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግም ስለ እነዚሁ ሰዎች ነበር። ሆኖም ጠረጴዛው በመዶሻ ይሰበር ነበር ለሚለው ታሪክ ከቃሉ የሚገኝ ማስረጃ የለም። ሥራው የፈረሰበትን ሰው «ተሰበረ» ማለት በብዙ ቋንቋ ያለ ዘይቤ ነው፤ እንግሊዝኛም ኪሱ ባዶ የሆነን ሰው «ብሮክ» ይለዋል። እኔ ወደ ዘይቤው አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ከዚያው ወንበር የወጡ ሌሎች ቃላት አሉ?

መልስ፦ አሉ። ታላቅ ግብዣ ማለት የሆነው «ባንኬት» ትንሽ አግዳሚ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። «ማውንትባንክ» ደግሞ በጣልያንኛ አግዳሚው ላይ ውጣ ማለት ሲሆን፣ በገበያ መካከል ከፍ ብሎ ቆሞ የማይፈውስ መድኃኒት የሚሸጥ አታላይ የሚጠራበት ነው። በአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ሲሰየሙ «ኦን ባንክ» ይባላል፤ ይህም በዳኞች ወንበር ላይ ማለት ነው። የቀዛፊዎች አግዳሚም በፈረንሳይኛ በኩል «ባንክ» ተብሎ ገብቶ፣ በኋላ የመቅዘፊያ ረድፍ፣ ዛሬ ደግሞ የማብሪያ ማጥፊያ ወይም የአሳንሰር ረድፍ ሆኗል።

ጥያቄ፦ የደም ባንክ ማን ያወጣው ስም ነው?

መልስ፦ ሐኪሙ በርናርድ ፋንተስ ነው። በ1937 በቺካጎ በኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ለጋሾች የሰጡት ደም በቅዝቃዜ ተጠብቆ ለሚያስፈልገው የሚሰጥበትን ክፍል ሲያቋቁም ይህን ስም ሰጠው፤ ማስገባትና ማውጣት ያለበት ሁሉ ባንክ ሊባል እንደሚችል ስላየ ነው። የመረጃ ባንክ፣ የምግብ ባንክና የዘር ባንክም የሚከተሉት ይህንኑ ሐሳብ ነው። በአማርኛ «ባንክ» ብሎ መተው ተገቢ የሚሆነው በእነዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በዜና «ዌስት ባንክ» ሲባል ልጄ የባንክ ስም መሰላት። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ልጅዎ የተሳሳተችው እኛ ተርጓሚዎች ሥራችንን በግማሽ ስለ ተውነው ነው። ስሙ የዮርዳኖስ ወንዝን ምዕራባዊ ዳርቻ ያመለክታል፤ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ የዮርዳኖስ መንግሥት ይህን ምድር ሲይዝ ከወንዙ ማዶ ካለው ከምሥራቁ ለመለየት የተሰጠ ነው። «የዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ» ብንል ማንም አይደናገርም። በዚህ አጋጣሚ፣ የወንዝ ግራና ቀኝ ዳርቻ ሲባል ፊትን ውኃው ወደሚወርድበት አዙሮ ነው የሚለየው፤ የፓሪስ «ግራ ዳርቻ» ከሴን ወንዝ በስተ ደቡብ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የዚህ ቃል ዘመድ ከ«ባንክ» ሌላ አለ?

መልስ፦ «ባንኮኒ» አለ። እርሱም ትልቅ ባንኮ ማለት ከሆነው ከጣልያንኛው «ባንኮኔ» የመጣ ስለሆነ፣ የጥንቶቹን ለዋጮች ጠረጴዛ ከ«ባንክ» ይልቅ በታማኝነት ጠብቆታል። ከዚህ የሚበልጠው ግን «ጠረጴዛ» ነው። ይህ ቃላችን በግእዝ በኩል ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ በማቴዎስ ወንጌል 21፥12 የተገለበጡት የገንዘብ ለዋጮች ገበታዎች በግሪኩ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ግሪኮች እንደ ጣልያኖቹ ስሙን ከዕቃው ወደ ሥራው አሻገሩት፤ ዛሬም በአቴና ባንኮች በር ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።