የትራክተር ክብደት፣ ጎማና ፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ለሚጎተተው መሣሪያ የሚያስተላልፍ ዘንግ)፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለእርሻም ለሣር ማጨድም የሚሆን ምርጥ ትራክተር የትኛው ነው?

መልስ፦ የአፈሩ ዓይነት፣ የመሬቱ ስፋትና የሚጎተተው መሣሪያ ካልተገለጸ መልስ የለውም።

ጥያቄ፦ ትራክተሬ 75 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ሲጎትት የኋላ ጎማው ባዶውን ይዞራል። ሞተሩ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ሞተሩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ሞተሩ ያቃስት ነበር፤ የጎደለው ክብደት ነው። ከመገመት ይለኩት። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና፣ ማረሻው አፈር ውስጥ ሳለ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር በሄዱበት ርቀት መነሻና መድረሻ ላይ ካስማ ይትከሉ፤ ከዚያም ማረሻውን አንሥተው በዚያው ርቀት ሲሄዱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቁጠሩ። 8 ተኩል ከዞረ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው፤ 7 ብቻ ከዞረ ግን 30 በመቶ ነውና ነዳጁም ጎማውም በከንቱ እያለቀ ነው። ከ8 እስከ 15 በመቶ ያለው ደኅና ነው፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ትርፍ ክብደት ተሸክመው አፈሩን እየጠቀጠቁ ነው። ለክብደት የሚታሰር ብረት ከመጨመርዎ በፊት የጎማውን ንፋስ በመመሪያው ሠንጠረዥ መሠረት ያስተካክሉ፤ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬቱን በደንብ አይረግጥምና።

አንድ አባል፦ ጎማው ውስጥ ውኃ መሙላት እያለ ብረት መግዛት ለምን ያስፈልጋል?

ሌላ አባል፦ ውኃ ጎማውን ግትር ያደርገዋል፤ መንገድ ላይም ያንገጫግጫል። ብረት ግን ሥራው ሲያልቅ ይወርዳል።

የመጀመሪያው አባል፦ ዓመቱን ሙሉ ለሚያርስ ሰው ማውረዱ ምን ይረባዋል?

መልስ፦ የሁለታችሁም ሐሳብ እንደየሥራው ልክ ነው። ውኃ የሚሞላ ሰው ከጎማው ሦስት አራተኛ አያሳልፍ። ይልቅ ክርክሩ ያስረሳችሁን ልናገር፦ ጎማው መሬት ሲይዝለት ደፍሮ የሚጎትትበትን ሰንሰለት ከመጎተቻው በላይ የሚያስር ሰው አለ። ያን ጊዜ የፊት ጎማው ይነሣል፤ ትራክተሩም በሰከንድ ተኩል ውስጥ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ምንጊዜም ከታችኛው መጎተቻ ላይ ብቻ እሰሩ።

ጥያቄ፦ ማጨጃው 540 (በደቂቃ 540 ዙር) የሚል ተጽፎበታል። በ1000 ፒቲኦ ቢሠራ ሥራው አይፈጥንም?

መልስ፦ በፍጹም አይሞከርም። ባለ 6 ጥርሱ ዘንግ ለ540፣ ባለ 21 ጥርሱ ለ1000 የተሠራው እንዳይምታቱ ነው፤ ሁለቱን የሚያጋጥም አገናኝ ፈልጎ ማለፍ ምላጩን እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ማሽከርከር ነው። ሞተር ሳይጠፋ ወደ ዘንጉ አትቅረቡ።

ጥያቄ፦ ለሣር ማርሽ ይሻላል ወይስ ሃይድሮስታቲክ (ማርሽ ሳይቀየር ፍጥነቱ በዘይት ግፊት የሚስተካከል)?

መልስ፦ ለሣር ሃይድሮስታቲክ፤ ለእርሻ ማርሽ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሁሉም ምርጡ የትኛው ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የመገልበጥ መከላከያው ቅስት ቅርንጫፍ እየነካ ስላስቸገረን አጥፈነዋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከዛፉ ሥር እንደወጣችሁ ቅስቱን መልሳችሁ አቁሙትና ቀበቶ እሰሩ፤ ታጥፎ ሳለ ግን ቀበቶ አትሰሩ፤ ትራክተሩ ቢገለበጥ ከሥሩ ያስቀራችኋልና።