ኤምፒ3 ላይ ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ ድምፅ ይበላል

እህቴ፣ የአባትሽን የበገና ካሴት ወደ ኮምፒውተር ገልብጠሽ በኤምፒ3 እንዳስቀመጥሽው ጽፈሻል። እየቆረጥሽ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር ድምፁ ደበዘዘብሽ። «አሁን በ320 (በሰከንድ 320 ኪሎቢት፣ በኤምፒ3 ከፍተኛው ጥራት) ሴቭ ባደርገው ይመለሳል?» ነው ጥያቄሽ። አይመለስም። እባክሽ ያንን ፋይል ከእንግዲህ አትንኪው።

እኔ ይሄን ያወቅኩት በአያቴ ድምፅ ላይ ነው። ለአክስቴ በካሴት የላከችው መልእክት ነበር። ሳሉን ቆረጥኩ፣ ሴቭ አደረግኩ። ዝምታውን ቆረጥኩ፣ እንደገና ሴቭ። አምስት ስድስት ጊዜ፣ ያውም በ128። በመጨረሻ «ደስ ብሎኛል» ስትል «ስ»ዋ ውሃ ውስጥ ሆና የምታወራ መሰለ። ካሴቱን ደግሞ ቴፑ በልቶት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኤምፒ3 «ጆሮ አይለየውም» ያለውን ድምፅ እየጣለ ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው። ከፍተሽ አስተካክለሽ እንደገና በኤምፒ3 ስታስቀምጪው፣ ከተረፈው ላይ እንደገና ይጥላል። 320 ማድረግ የሄደውን አያመጣም፣ ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ። በገና ላይ ደግሞ ይብሳል። ከጅማቶቹ ሥር በሚገባው በእንዚራው ቆዳ የሚመጣው ያ ዝዝዝ የሚል ንዝረት በጣም ብዙ ረቂቅ ድምፅ አለበት።

ካሴቱ ካለሽ እንደገና ገልብጪው። መጀመሪያ የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ብረት) በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊ። በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት)፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት ገልብጪው። ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። መለኪያው ቀይ ከነካ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ ያን በኋላ በደንብ የሚጠግን የለም። ዌቭ ቦታ ይበላል፤ በሲዲ ጥራት እንኳ ስቴሪዮ ሲሆን ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከበዛብሽ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሪው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከድምፁ ምንም አይጎድልም።

ዋናውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪ። በኮፒው ላይ ስሪ። ኤምፒ3 መጨረሻ ላይ፣ ለዘመድ ለመላክ፣ አንዴ ብቻ። በቴሌግራም ስትልኪም እንደ ፋይል ላኪው።

ካሴቱ ከሌለ የመጀመሪያውን ኤምፒ3 ፈልጊና ወደ ዌቭ ቀይረሽ እዚያው ላይ ስሪ። የጠፋው አይመለስም፣ ጉዳቱ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። መቁረጥ ብቻ ከሆነ ኤምፒ3 ዳይሬክትከት የሚባል ፕሮግራም እንደገና ሳይጨምቅ ይቆርጥልሻል።

የካሴቱን ሹሹታ ለማጥፋት ግን አትጓጊ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ኖይዝ ሪዳክሽኑን (ሹሹታ መቀነሻውን) ጨመር ካደረግሽው የእንዚራውን ንዝረት አብሮ ይወስደዋል። ትንሽ ሹሹታ ይኑርበት፤ አባትሽ ሲደረድር ክፍሉ ውስጥ የነበረው ድምፅ አብሮ ይሰማሻል።